የኔሪማንን ሥዕል ፍለጋ ወደ ፉሪ

የሰው አደራ ተቀብላችሁ፣ ዕቃው የት እንዳለ እንኳ ሳታውቁ ለባለቤቱ “ደህና ነው” ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዴ ከተባለ በኋላ ሁለተኛው እንደሚቀል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይታሰብ ከብዕር እንደሚወርድስ ደርሶባችኋል? በእኔ ደርሷል። ለዚያውም ልጆችን “እውነት ተናገሩ” እያልኩ ደመወዝ የምበላ መምህር ሆኜ።

ይህ የሦስት ቀን ጉዞ ማስታወሻ ነው። ባሕር የተሻገርኩ እንዳይመስላችሁ። ከነፋስ ስልክ ተነሥቼ በሀና ማርያም በኩል ፉሪ ደርሼ ተመለስኩ፤ ይኸው ነው። በበጋ ቢሆን ምሳ በልቶ ሄዶ ለራት መመለስ ይቻላል። ሆኖም ፒያሳና አራት ኪሎ የምትኖሩ ሰዎች አዲስ አበባ የምታልቅበትን ጫፍ አታውቁትም፤ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይም አይገጥማችሁ ይሆናል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የአደራውን ባለቤት ላስተዋውቅ። ማዳም ኔሪማን ቱርካዊት ሠዓሊ ናት። ባሏ የፋብሪካ ማሽን ተካይ ስለነበር አገር ለአገር ይዞራል፤ እሷም ቀለሟን ይዛ ትከተለዋለች። እኛ ሰፈር አራት ዓመት ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች በረንዳዋ ላይ ሰብስባ ሥዕል ታስተምረን ነበር። ዛሬ የሥዕልና የጂኦግራፊ መምህር መሆኔ የእሷ ሥራ ነው።

እሷ የምትሥለው ግን ሰውም፣ ቤትም፣ ዛፍም አልነበረም። ረቂቅ ሥዕል ይሉታል። ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ፦ የጠዋት ፀሐይ ፊታችሁን መትቷችሁ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ፣ ውስጥ የሚቀር ቀለም አለ። ያ ቀለም ፀሐይ አይደለም፤ ግን ከፀሐይ የመጣ ነው። ማዳም ኔሪማን የምትሥለው እሱን ነው። “ዛፉን አልሥልም፤ ዛፉ ካለፈ በኋላ ዓይኔ ውስጥ የቀረውን ነው የምሥለው” ትለን ነበር፣ እንግሊዝኛና አማርኛ እያቀላቀለች።

ፋብሪካው ተወርሶ ከአገር ሲወጡ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እዚህ ከሠራቻቸው ሁሉ ትልቁን፣ የእኛን ቤት ወለል የሚያህለውን ሥዕል መውሰድ ስላልቻለች ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። “አደራ፣ ዘሪሁን” አለችኝ። ቃሉን ያስተማርናት እኛው ነበርን።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። ጊዜውን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥቅሉ የለም። እናቴ “ካርታ ነው ቢሉኝስ? አቃጥዬዋለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታነሣው” አለችኝ። አላነሣሁትም። ማዳም ኔሪማን ግን አነሣችው። ሦስት ጊዜ ጽፋ ጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ “ደህና ነው” ብዬ መለስኩ።

አራተኛው ደብዳቤ ባለፈው ሐምሌ ደረሰኝ። “የዕድሜ ልክ ሥራዬ በአንድ መጽሐፍ ሊታተም ነው። የቀረው የአዲስ አበባው ሥዕል ብቻ ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በነሐሴ መጨረሻ በከተማችሁ ያልፋል። ለእሱ ስጥልኝ” ይላል።

ለእናቴ ተርጉሜ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሽንኩርቱን ልጣ ስትጨርስ፣

“አላቃጠልኩትም” አለች። “እሳቱ አጠገብ ወስጄ አየሁትና አሳዘነኝ። የነማዳም ዘበኛ ለነበረው ለጉተማ ሰጠሁት፣ ቅበረው ወይም አቃጥለው ብዬ። ምን እንዳደረገው አላውቅም።”

“ሰባት ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ?”

“አንተስ ሰባት ዓመት ሙሉ ‘ደህና ነው’ ስትል አልነበር?”

የአባባ ጉተማ አገራቸው ፉሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ተነሣሁ።

ሐሙስ

የያዝኩት፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ፓኬት ባለቀለም እርሳስ፣ የማዳም ደብዳቤ፣ ጃንጥላ፣ ቆሎ፣ ከኅብረት ሱቅ የደረሰን ግማሽ ኪሎ ስኳር ለአባባ ጉተማ።

በጠዋት ለመነሣት አስቤ ነበር። ነገር ግን መሸኛ ወረቀት ሳይያዝ ከቀበሌ ወጥቶ ማደር ጣጣ ስላለው ወረፋ ያዝኩ። ጸሐፊው “የጉዞው ዓላማ?” ሲለኝ ስለ ሥዕሉ ላስረዳው አፌን ከፈትኩና፣ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አይቼ “ዘመድ ጥየቃ” አልኩ። አራተኛው ውሸት። ማኅተሙ ሲመታልኝ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ወዲያው ትረዳላችሁ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ጭቃው ይጀምራል። የነፋስ ስልክም መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኛ ጭቃ ያቆሽሻል፣ የእነሱ ይይዛል። ጥቁር ዋልካ ነው፤ እግር ሲገባበት በቀላሉ አይመልስም። ከሀና ማርያም በታች ባለው ቁልቁለት የቀኝ እግሬን ሳነሣ እግሬ ተነሣ፣ የጫማዬ ሶል ቀረ። ቆፍሬ አወጣሁትና ከጫማው ጋር በእጄ ይዤ ቀጠልኩ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ደግሞ ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ቆም ብለው እኔንም ሶሌንም አዩ።

“ልጄ፣ ይሄ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ሰካራም ነው” አሉኝ። “ላይ አገር ጠዋት የዘነበው ከሰዓት እዚህ ይደርሳል። ነገ በማለዳ ና፣ በርዶለት ታገኘዋለህ።”

ጂኦግራፊ አስተማሪው እኔ ነኝ። አመስግኜ ተመለስኩ።

ዝናቡ እንደገና ሲጀምር አንድ አዲስ የጭቃ ቤት ጋ ደረስኩ። ከውስጥ ቀስ ያለ መዝሙር ይሰማል፤ ብዙ ሰው ሆኖ ዝግ ባለ ድምፅ የሚዘምሩት ዓይነት። ሳንኳኳ ቀጥ አለ። ወንበር ሲጎተት፣ የጓሮ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የፊት በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተና የአንድ ጎልማሳ ፊት ብቅ አለ። ዓይኑ ብብቴ ሥር ባለው ደብተር ላይ ተተከለ።

“ልትመዘግቡ ነው?” አለኝ።

“ኧረ መንገደኛ ነኝ። ወንዙ ሞልቶብኝ ነው።”

እሱ ሳይመልስ ሚስቱ በትከሻው ላይ አሻግራ እግሬን አየች። አንዱ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ካልሲ ብቻ ነው።

“መዝጋቢ ባንድ እግር ጫማ አይመጣም” አለች። “አስገባው ባክህ!”

የእነዚህን ሰዎች ስም አልጽፍም፤ እንዲህ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መዘመር እንደሚያሳስር ታውቃላችሁ። ባልየው ግንበኛ ነው፤ ሁለቱም ከደቡብ፣ ከከምባታ የመጡ ናቸው። ደንግጠው ሳሉ የሙቅ ውኃ ሳፋ አቀረቡልኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ከየት ነህ?” ነው፤ እዚያ መጀመሪያ የታጠበው እግሬ ነው። ቀጥሎ ቆጮ በጎመን ቀረበ። ፍልሰታን ጿሚ እንደሆንኩ ስነግራት ሴትየዋ “ዘይት ነው፣ ብላ፤ ለሰው የማይሆን ነገር አላቀርብም” አለችኝ። እኔ አማተብኩ፣ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፣ ሁላችንም በላን።

ምን ፍለጋ እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ፣ ውሸት ሰልችቶኝ ነበርና ሁሉንም ነገርኳቸው። የማዳም ኔሪማንንም ሕይወት ከነሥሩ ተረኩላቸው። ለእናንተም ላሳጥረው፦

የተወለደችው በጥቁር ባሕር ዳር ከትምባሆ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ልጅ ሆና ሥራዋ የተለቀመውን የትምባሆ ቅጠል በመርፌ ክር ላይ መሰካት ነበር። ክሩ በረድፍ ይሰቀላል፤ ቅጠሉ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ማር፣ በመጨረሻ ቡናማ ይሆናል። ኢስታንቡል ሥዕል ትምህርት ቤት ስትገባ ሦስት ዓመት የጄሶ ጭንቅላት ብቻ አሣሏት። ስትመረቅ ጭንቅላቱን ሁሉ ትታ ረድፍ ሠራች፤ ከላይ እስከ ታች የቀለም ረድፍ። የመጀመሪያ ትርዒቷ ላይ የተማሩት ሰዎች “ላዩ የትኛው ነው?” እያሉ ሲስቁ፣ አባቷ ከገጠር መጣ። ፊደል አይቆጥርም። አንዱ ሥዕል ፊት ቆቡን አውልቆ ቆመና “ይሄ ሦስተኛው ሳምንት ነው” አለ። ትምባሆው ከተሰቀለ ሦስተኛ ሳምንት ማለቱ ነው። በትክክል እሱ ነበር። “ሥዕሌን ባንድ እይታ ያወቀ ሰው አባቴ ብቻ ነው” ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሏ በሄደበት አገር ሁሉ ከመስኮቷ የምታየውን ቀለም ይዛ አንድ አንድ ትልቅ ሥዕል ሠርታለች። የእኛው ከነፋስ ስልክ መስኮት የታየው ነው። የራሷ ቀለም ስላለቀባት ከሱቅ በገዛችው የቆርቆሮ ቀለም፣ በድንኳን ሸራ ላይ፣ ወለል ላይ አንጥፋ ዙሪያውን እየዞረች ነው የሠራችው።

ግንበኛው ትንሽ አሰበና እንዲህ አለ፦

“እኔ ቤት ሠርቼ ስጨርስ ቀለም ቀቢው ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ ይሞክራል፤ ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ የሸክላ። ከዚያ ባለቤቱ አንዱን ይመርጥና ያ ጥግ ይሸፈናል። እኔ ከቤቱ ሁሉ የምወደው ያንን ጥግ ነው። ሲሸፈን ይከፋኛል። እንደሱ ነው?”

“በትክክል እንደሱ ነው” አልኩት። አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ለተማሪዎቼ ያስረዳሁትን እሱ በጥቂት ቃል ጨረሰው።

ስለ ውሸቴ አልገሠጹኝም። ከመተኛታችን በፊት ግን ሴትየዋ ጮክ ሳትል “ጌታ ሆይ፣ የዚህን ልጅ አደራ ከሆነበት ጠብቅለት፤ ከጠፋም እውነቱን የሚናገርበት አፍ ስጠው” ብላ ጸለየች። ሁለተኛው ልመና አስደነገጠኝ።

ዓርብ

ወንዙ እንደተባለው በርዶለታል። ግንበኛው በረባሶውን አውልቆ “ስትመለስ ትመልሳለህ፤ ጫማህን እኔ አየዋለሁ” ብሎ አጫማኝ። የመኪና ጎማ ጫማ በዋልካ ላይ እንደ በቅሎ ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ የከተማ ጫማ የሚባለውን ነገር አላከብርም።

ፉሪ ማለዳ ታምራለች። እኛ ሰፈር በሩ ሲከፈት የጎረቤት ቆርቆሮ ነው የሚታየው፤ እዚያ በሩ ሲከፈት እርሻ ነው። በሬዎች ጤፍ ሊዘራበት የለሰለሰውን መሬት ይረግጣሉ። አንድ ገበሬ “የጉተማን ቤት” ስለው በጅራፉ አንድ ቤት አሳየኝ።

እዚያ ቤት አንድ ፂማም ሽማግሌ በደስታ ተቀበሉኝ። “አባባ ጉተማ ነዎት?” ስላቸው “ነኝ፣ ግባ ልጄ” አሉኝ። እኔ የማውቃቸው ጉተማ ፂም አልነበራቸውም፤ ግን ሰባት ዓመት ፂም ያበቅላል። ሥዕሉን ገና ላነሣ ስል “ቆይ፣ ብላ” አሉኝ። ሽሮ ቀረበ፣ በላሁ። “አባባ፣ ያ ሸራ…” ስል “ጠጣ” አሉኝ። ጠላ ጠጣሁ። እጄን ታጥቤ ሳበቃ ተደላድለው ተቀመጡና፣

“በል እንግዲህ፣ የምትፈልገው የነፋስ ስልኩን ዘበኛ ጉተማን ነው አይደል? እኔ አይደለሁም” አሉኝ።

“ታዲያ ቅድም ለምን አልነገሩኝም?”

“እንግዳ ሳይበላ ‘እኔ አይደለሁም’ ይባላል እንዴ? ብነግርህ ሳትበላ ትሄድ ነበር።”

ነፋስ ስልክ ብሆን ደጅ ላይ “ተሳስተሃል” ተብዬ ያልቅ ነበር። እሳቸው የባሕር ዛፉን ጫካ አሻግረው መንገዱን አሳዩኝ፤ ለመንገዴም የተቀቀለ ባቄላ አስያዙኝ። እንደገና ዝናብ ያዘኝ፤ ጫካው ውስጥ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ተጠለልኩ። እውነተኛው አባባ ጉተማ ቤት ስደርስ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ገና ከበሩ አወቁኝ። “የወይዘሮ ብርቄ ልጅ! የማዳም ተማሪ!” ብለው አቀፉኝ። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ተነሥተው ሳሙኝ። ስኳሩን ተቀብለው መረቁኝ። እኔ ግን መቆየት አልቻልኩም።

“አባባ፣ እናቴ የሰጠችዎ ሸራ…”

ፊታቸው ተለወጠ። አንገታቸውን ደፉ።

“መጀመሪያ ብላ” አሉ። “የነገውን ነገ እናወራለን።”

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መርዶ ያለው ሰው ድምፅ ነው። ከራት በኋላ አልጋቸውን ለቀው በግድ እዚያ አስተኙኝ፤ እነሱ መሬት ላይ አነጠፉ። ብከራከርም አልሰሙኝም። ኩራዙ ከወገብ በላይ የማያሳይ ስለሆነ ቤቱን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። “ተቃጥሏል” ብዬ የምጽፈውን ደብዳቤ በልቤ እያረቀቅኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ

የነቃሁት ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ነው። ዓይኔን ስከፍት ከላዬ ቢጫ ነበር።

መጀመሪያ ገና ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ከቢጫው ቀጥሎ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ቀጥሎ ድፍን አረንጓዴ፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ቢጫ፣ በመካከል ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር። የቀለም ጣሳውን ይዤ የቆምኩበት፣ “ትንሽ ወደዚያ፣ ዘሪሁን” የተባልኩበት ቢጫ! ሥዕሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮ ኮርኒስ ሆኗል። በየስንዝሩ በቢራ ቆርኪ እየተደገፈ በምስማር ተመቷል። በምድጃው በኩል ያለው ጥግ ጢስ ጠጥቷል፣ አንድ ቦታ ዝናብ ያፈሰሰበት ክብ ምልክት አለ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

አልጋው ላይ እንዳለሁ ሳቅኩ። ከሳቁ ጋር እንባም ነበረበት። ሦስቱንም ጊዜ “ደህና ነው” ያልኩት እውነት ኖሯል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ሳያውቁ የተናገሩት እውነት ከውሸት አይሻልም፤ ይህንንም ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ።

አባባ ጉተማ ቀድመው ነቅተው መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

“ማታ አፌ እምቢ አለኝ” አሉ። “የሰው አደራ ኮርኒስ አደረግሁ ብዬ ለመናገር አፈርኩ። ስለዚህ ራስህ እንድታየው እዚያ አስተኛሁህ።”

“ምን አደረጉት መጀመሪያ?”

“እናትህ ቅበረው ብላኝ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞላው። የሰው አደራ ውኃ ውስጥ አልጥልም አልኩ። ላቃጥለው ብል እናትህ ያልጨከነችውን እኔ እንዴት ልጨክን? ከዚያ ፈታሾች ወደዚህ ይመጣሉ ተባለ። ተጠቅልሎ ከተገኘ ‘ምን ደበቅህ?’ ነው የሚሉኝ። ኮርኒስን ግን ማን ይጠይቀዋል?”

“መጡ ታዲያ?”

“መጡ። ሥሩ ተቀምጠው ጠላ ጠጡና ሄዱ።”

አባባ ጉተማ ወዲያው ጉጠትና መሰላል ፍለጋ ወጡ። “አደራ ነው፣ ዛሬውኑ ይዘኸው ትሄዳለህ” እያሉ። እማማ ጫልቱ አልተቃወሙም። ግን ዓይናቸው ከኮርኒሱ ላይ አልተነሣም። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

“እማማ፣ ምን ይታይዎታል?” አልኳቸው። ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እጠይቃለሁ። “ጨርቅ”፣ “ባንዲራ”፣ “የተበላሸ ነገር” ይሉኛል።

“ወገቤን ታምሜ ሁለት ክረምት ተኝቼ ከዚህ በቀር ያየሁት የለም” አሉ እማማ ጫልቱ። በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። “ያ ጤፍ ነው፣ ሊታጨድ የደረሰ። ያ ኑግ ነው፣ አበባው እየረገፈ። ጥቁሩ ዋልካ ነው፤ ከጎኑ አረንጓዴው ሽምብራ ነው፣ ገና ብቅ ያለ። ይሄ የጥቅምት መጨረሻ ነው።”

ስለ ትምባሆውና ስለ ማዳም አባት ለእሳቸው ምንም አልነገርኳቸውም።

“ቀይዋ መስመርስ?”

“እሷን አላወቅኋትም” አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሰባት ዓመት አየኋት፣ እምቢ አለችኝ።”

አባባ ጉተማ መሰላሉን ይዘው ሲገቡ ያዝኳቸው። “አባባ፣ አይነቀልም” አልኩ።

“የሰው ነው እኮ!”

“የሰው ስለሆነ ነው። ባለቤቷ ትወስን። እኔ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሆነ፣ እኔም እንዴት እንደዋሸሁ እጽፍላታለሁ። ውሰዱት ካለች መስቀል ሲያልፍ መጥቼ እወስደዋለሁ።”

“አዎ፣ ደግሞ ዛሬ ከወረደ ያፈሳል” አሉ እማማ ጫልቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

ከዚያ አልጋው ላይ ተንጋልዬ በባለቀለም እርሳስ ደብተሬ ላይ ቀዳሁት። ልኩን አባባ ጉተማ በክንድና በስንዝር ለኩልኝ። እማማ ጫልቱ ደብተሩን እያዩ ያርሙኝ ነበር። “ጤፉን አቀላኸው። ገና አይደለም፣ ሳምንት ይቀረዋል” ይሉኛል። እኔ ተማሪ ሆንኩ፣ እሳቸው መምህር።

ስመለስ ወንዙ ሳይሰክር ለመሻገር ስጣደፍ መንገድ ላይ ባለ ኬላ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ። መሸኛዬን አይቶ ደብተሬን ገለጠ። እናቴ የፈራችው ሰባት ዓመት ዘግይቶ ደረሰ።

“ይሄ የምን ካርታ ነው?”

“ካርታ አይደለም፣ ሥዕል ነው።”

ደብተሩን ገለበጠው፣ እንደገና ገለበጠው። “ላዩ የትኛው ነው?”

“ላይ የለውም።”

“ላይ የሌለው ነገር አለ እንዴ?”

“ተንጋለው የሚያዩት ነገር ላይ የለውም” አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ፀሐይና ስለ ጨፈኑት ዓይን፣ ስለ ትምባሆው፣ ስለ ኑጉ። እጄን ወደ ማሳው ዘርግቼ የጥቅምትን ቀለም በነሐሴ ላሳየው ስሞክር ጓደኛውን ጠራ፦ “ና ባክህ፣ መምህር ነው፤ ካልለቀቅነው አያቆምም።” ብቻ ከሥዕሉ ሥር “ሥዕል” ብዬ ጽፌ እንድፈርም አዘዘኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

ሀና ማርያም በረባሶውን ልመልስ ስገባ ጫማዬ በግንበኛ ሲባጎ ተሰፍቶ፣ ታጥቦ፣ ምድጃ ዳር ደርቆ ጠበቀኝ። “ተገኘ?” አለች ሴትየዋ። “ተገኘ” አልኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ “ተመስገን!” አሉ፤ ይህኛውን ዝግ ባለ ድምፅ አላሉትም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። “ኮርኒስ ሆኗል” ስላት መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ እስክትታክት ሳቀች።

ከተመለስኩ በኋላ

የማዳም ባል ባልደረባ በተባለው ጊዜ መጣ። ደብዳቤዬንና ከደብተሬ የተገነጠለውን ገጽ ሰጠሁት። ደብዳቤው ስድስት ገጽ ነው፤ ውሸቶቼን በቅደም ተከተል ጽፌያለሁ። ከዚያ እስከ ኅዳር ፖስታ ቤቱን ተመላልሼ አሰለቸሁት።

መልሱ አጭር ነበር። “ዋሽተኸኛል፤ አዝኛለሁ፤ ይቅር ብያለሁ። ሥዕሉን የጨረስኩት በእናንተ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንግዲህ ሥዕሌን ያወቁ ከአባቴ ጋር ሁለት ሰው ሆኑ። ቀይዋን መስመር እኔም አላወቅኋትም፤ ሴትየዋ የደረሱባት ዕለት ጻፍልኝ። ሥዕሉ ካለበት አይነቀል። በመጽሐፉ የአንተን ቅጂ አሳትማለሁ። ከሌሎቹ ሥዕሎች ሥር የሚገኙበት ሙዚየም ስም ይጻፋል፤ ከዚህኛው ሥር የምጽፈው ‘ፉሪ፣ የወይዘሮ ጫልቱ ቤት’ ብዬ ነው። የስማቸውን አጻጻፍ አስተካክለህ ላክልኝ።”

በታኅሣሥ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ፉሪ ሄጄ አነበብኩላቸው። እማማ ጫልቱ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

“ሙዚየም ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ሥዕል የሚቀመጥበት ቤት ነው።”

ወደ ኮርኒሱ አዩ። “እንግዲያ ልክ ጽፋለች” አሉ።

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። “ደህና ነው” ያላችሁት፣ ግን ያላያችሁት የሰው ዕቃ ካለ፣ ሳትዘገዩ ሄዳችሁ እዩት። በክረምት ከሆነ በማለዳ ውጡ፣ በረባሶም አድርጉ። የሚቀርብላችሁን ብሉ፣ ስለ ጉዳያችሁ ለመጠየቅ አትቸኩሉ። እዚያም ካደራችሁ፣ ጠዋት ስትነቁ ወዲያው አትነሡ፤ እንደተንጋለላችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ቀና ብላችሁም ተመልከቱ።